ለዶቃ ሥራችን የምንገዛው ትንሽ እቶን ምን ዓይነት ይሁን?

(የማኅበሩ ጸሐፊ በሠፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር። በስብሰባው ያልተገኙ አባላት አንብበው ሐሳብ እንዲሰጡበት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)

የዛሬው ጉዳያችን አንድ ነው። ይኸውም ለዶቃ ሥራ ክፍላችን የሚገዛው ትንሽ የመስተዋት ማቅለጫ እቶን ነው። እኔ እንደምታውቁኝ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ መሐንዲስ አይደለሁም። ባለፉት ወራት ግን ባለሙያ እየጠየቅሁ፣ ልጆቻችን የሚያነቡልኝን እያዳመጥሁ፣ በደብተሬ የጻፍኩት ብዙ ነገር አለ። ገንዘቡ የእናንተ ስለሆነ ከመወሰናችሁ በፊት ልትሰሙት ይገባል።

ያለፈው ጥፋት

ነገሬን ከጥፋቱ ልጀምር። በግልጽ ያልተነገረ ጥፋት ተመልሶ ይመጣልና።

በ2015 ዓ.ም. ሥራውን ስንጀምር ገንዘባችን ጥቂት ነበር። ከአንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ለሸክላ መተኮሻ የተሠራ እቶን በርካሽ ገዛን። ጥልቅ ነው፣ የማሞቂያ ሽቦው በጎንና በጎኑ ነው፣ የሙቀት መለኪያ የሚባል ነገር የለውም። «በዓይን እያያችሁ ትለምዱታላችሁ» ተባልን፤ እኔም አምኜ ፈረምኩ። የተሰበረ ጠርሙስ ወቅጠን፣ በሸክላ ቅርጽ ሞልተን፣ አቅልጠን ዶቃ አወጣን። ሲታይ ያምር ነበር፤ አይደለም ወይ? ብዙዎቻችሁ ገዝታችኋል።

የገና ባዛር ሲደርስ ግን ቸኮልን። የመጨረሻው ዙር ገና እቶን ውስጥ እያለ ሰው መጠየቅ ጀመረ። ልጆቹ «እስከ ነገ ይቆይ፣ ይብረድ» ብለው ነበር። «ክፈቱት፣ ጊዜ የለም» ያልኩት እኔ ነኝ። ዶቃው በጨርቅ ተይዞ ወጣ፣ ተሰካ፣ ተሸጠ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼ ነው።

ከሳምንት በኋላ መመለስ ጀመረ። አንዱ በሣጥን ውስጥ እንደተቀመጠ ተሰነጠቀ፤ አንዱ አንገት ላይ እንዳለ ጠሽ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። የአንዲት እናታችን የልጅ ልጅ ስንጣሪውን ሲነካካ ጣቱን ቆረጠው። እሳቸው ቤቴ ድረስ መጥተው፣ «ገንዘቡ ይቅር ልጄ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ግን ለሕፃን አንገት አትሽጡ» አሉኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። የሁሉንም ገዢ ገንዘብ መለስን፤ የመለስነውም ከእናንተ መዋጮ ነው። ስለዚህ አሁን እቶን ስንመርጥ ዋጋ ብቻ አይተን አንመርጥም።

መስተዋት ለምን ይሰነጠቃል?

እኔ የመስተዋት ሥራ ማለት ማቅለጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ትልቁ ሙያ ማብረዱ ነው። ትኩስ ሻይ የጠጣንበትን ብርጭቆ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ብናፈስበት ይሰነጠቃል፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የውጩ ቶሎ ቀዝቅዞ ሲኮማተር የውስጡ ገና ትኩስ ስለሆነ እርስ በርሱ ይጓተታል። ዶቃም እንዲሁ ነው። ከእሳት ወጥቶ ፈጥኖ የበረደ ዶቃ ያልተሰነጠቀ ቢመስልም ጉተታው ውስጡ ታስሮ ይቀራል። ከዚያ በሳምንቱም በወሩም ድንገት ይፈነዳል።

መድኃኒቱ በአንድ በተወሰነ ሙቀት ላይ ማቆየት፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ማውረድ ነው። ሙቀቱ እንደ መስተዋቱ ዓይነት ይለያያል። ከጣሊያን ሙራኖ በሚመጣው የዶቃ ዘንግ ላይ 104 የሚል ቁጥር አለ፤ እሱ በ510 እና በ520 ዲግሪ መካከል ይቆያል። ለማጣበቅ ሥራ ከሚሸጡት ዝርግ መስተዋቶች ባለ 90 ቁጥሩ በ482 ዲግሪ ነው። እሳት የሚችለው ጠንካራ መስተዋት፣ ባለ 33 ቁጥሩ፣ ወደ 565 ይፈልጋል። የኛ የጠርሙስ ስባሪ ደግሞ ወደ 550 ገደማ ነው። እነዚህ ቁጥሮች መስተዋቱ በሙቀት ምን ያህል እንደሚለጠጥ የሚያሳዩ ናቸው። ቁጥራቸው የተለያየ መስተዋቶች አንድ ላይ ከቀለጡ፣ ቀስ ብለው ቢበርዱም እንኳ ይለያያሉ። የቢራ ጠርሙስና የመስኮት ስባሪ ቀላቅለን የወቀጥንበት ጊዜ ነበር፤ እሱም ሌላው ጥፋታችን ነው። ከእንግዲህ አንድ ዓይነት ጠርሙስ ለብቻው ይወቀጣል።

የቆይታው ጊዜ በውፍረት ይወሰናል። ባለ 90 ቁጥሩ መስተዋት 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው በ482 ዲግሪ አንድ ሰዓት ይቆይና እስከ 430 ገደማ ድረስ በሰዓት ከ83 ዲግሪ በማይበልጥ ይወርዳል። ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቆይታው ሁለት ሰዓት፣ አወራረዱም በሰዓት 55 ዲግሪ ይሆናል። ይህን በዓይንና በግምት መሥራት አይቻልም። «ያለ መለኪያ አንገዛም» የምለው ለዚህ ነው።

እርግጥ በጋና አገር የክሮቦ ሰዎች የጠርሙስ ዱቄት በሸክላ ቅርጽ ሞልተው፣ ለቀዳዳው የካሳቫ ቅጠል ዘንግ ተክለው፣ በጭቃ እቶን ውስጥ በማገዶ እሳት ዶቃ ይሠራሉ። ዘንጉ ተቃጥሎ ቀዳዳው ይቀራል። ዶቃቸው በዓለም የታወቀ ነው። እነሱ ግን ሙያውን ከእናት ከአባት እየወረሱ ለብዙ ትውልድ የያዙት ናቸው፤ ዓይናቸውም እጃቸውም መለኪያ ሆኗል። እኛ ገና ጀማሪዎች ነን፤ መለኪያው ዓይናችን እስኪከፈት ድረስ ይምራን።

ሥራው ይለያያል፣ እቶኑም እንዲሁ

እቶን ከመምረጥ በፊት «ምን ልንሠራበት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

አንደኛ፦ በጋዝ ነበልባል ላይ መስተዋት በቀጭን የብረት ዘንግ ላይ እየተጠቀለለ የሚሠራ ዶቃ አለ። ወጣቶቻችን የጀመሩት ይህን ነው። ዶቃው የሚቀልጠው በነበልባሉ ነው፤ እቶኑ የሚያስፈልገው ለማቆየትና ለማብረድ ብቻ ነው። ስለዚህ ትንሽ ቢሆን ይበቃል። ግን ከፊት ለፊት ትንሽ በር ያስፈልገዋል። ዶቃው ከነዘንጉ በየጊዜው ስለሚገባ፣ ሙሉው ክዳን በተከፈተ ቁጥር ሙቀቱ ይበተናልና።

ሁለተኛ፦ ዝርግ መስተዋት ቆርጦ፣ ደራርቦ፣ እቶን ውስጥ ማጣበቅ አለ። እህቶቻችን ለአንገትና ለጆሮ ጌጥ የሚፈልጉት ይህን ነው። ጫፉ ብቻ እንዲያያዝ ከተፈለገ ወደ 750 ዲግሪ፣ ጨርሶ እንዲዋሐድ ከተፈለገ ከ800 እስከ 815 ይሞቃል። ለዚህ የሚሆነው ጥልቀቱ ያነሰ፣ ወለሉ ሰፋ ያለ እቶን ነው። የማሞቂያ ሽቦው በክዳኑ ወይም በጣሪያው በኩል ቢሆን ይመረጣል፤ ሙቀቱ ከላይ እኩል ይወርዳል። ሽቦው በጎን ብቻ ከሆነ ዳሩ ቀድሞ ይሞቅና መሐሉ ቀዝቃዛ ሆኖ መስተዋቱ ገና ሳይቀልጥ ይሰነጠቃል። የአሮጌው እቶናችን በሽታ አንዱ ይኼ ነበር።

ሦስተኛ፦ የጠርሙስ ዱቄት በሸክላ ቅርጽ ማቅለጥ ነው። ይህም ከ800 በላይ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሁለተኛውን የሚሠራ እቶን ይህንንም ይችላል።

የሸክላ እቶን 1200 ዲግሪ ቢደርስ ለኛ ጥቅም የለውም። እኛ 900 ከደረሰልን ይበቃናል፤ ለማንጠቀምበት ሙቀት ገንዘብ አናወጣም።

ግድግዳውም ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ጥጥ ከሚመስል የሴራሚክ ፋይበር የተሠራ ነው፤ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይበርዳል። ሁለተኛው እሳት ከሚችል ቀላል ጡብ የተሠራ ነው፤ ከበድ ይላል፣ ለመሞቅ ይዘገያል፣ ሙቀቱን ግን ይዞ ይቆያል። መብራት በሚጠፋበት ሠፈር እኔ ጡቡን እመርጣለሁ። መብራት ሲሄድ የጡብ እቶን ሳይከፈት ከተቀመጠ በራሱ ቀስ ብሎ ይበርዳል፤ ብዙው ዶቃ ሊተርፍ ይችላል። ያልተሰነጠቀውንም መብራት ሲመለስ እንደገና ቀስ አድርጎ አሙቆ በደንቡ ማብረድ ይቻላል። ይህን ስሰማ ደስ ብሎኛል፤ ከባዛሩ የተረፉትን ዶቃዎች እስካሁን ያልጣልኳቸው ለዚሁ ነው።

የመብራቱ ነገር

አንዳንድ አባላት «እቶን ከገባ የሠፈሩ መብራት ይጠፋል» ብላችሁ ሰግታችኋል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣዳችን 3500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ያህል ነው። እኛ የምናስበው ትንሽ እቶን 1600 ዋት ቢሆን 7 አምፔር ተኩል እንኳ አይሞላም። ከምጣዱ ግማሽ በታች ነው። እቶኑ ቀኑን ሙሉ ቢሠራም ሽቦው እየበራ እየጠፋ ስለሚሄድ፣ የበራበት ጊዜ ተደምሮ 4 ሰዓት ቢሆን 6.4 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለማቋረጥ ከበራ ምጣድ ትንሽ ያንሳል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ምጣድና እቶን በአንድ መስመር፣ በአንድ ጊዜ አይሠሩም። በማከፋፈያ ገመድም አይሰካም። ራሱን የቻለ መስመር፣ ብሬከርና የምድር ሽቦ በባለሙያ ይዘረጋለታል።

ከፊታችን ያሉት ሦስት ምርጫዎች

የመጀመሪያው፦ በአሜሪካ የሚኖር የሠፈራችን ልጅ ያገለገለ የዶቃ እቶን በነፃ ልላክላችሁ ብሎናል። እግዜር ይስጠው፤ ልቡን እናመሰግናለን። ግን እቶኑ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። በኛ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ 1500 ዋት የነበረው ወደ 5000 ዋት ይደርሳል፤ ሽቦው ይቃጠላል፣ አደጋም ያመጣል። የቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር ይግባለት ቢባል ከእቶኑ ዋት በላይ የሚችል ትልቅ መሆን አለበት፤ እሱን ገዝተን፣ የማጓጓዣውን ከፍለን፣ ነፃ መሆኑ ይቀራል። በዚያ ላይ ለአንደኛው ሥራ እንጂ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ጠባብ ነው።

ሁለተኛው፦ ከዱሮው የሚበልጥ ትልቅ እቶን በርካሽ ልሥራላችሁ የሚል የብየዳ ባለሙያ አለ። እጁ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሽቦው በጎን ነው፣ መቆጣጠሪያም አይገባለትም። ትልቅ እቶን በጥቂት ዶቃ ሲሞቅ ደግሞ መብራት ማባከን ነው።

ሦስተኛው፦ በ220 ቮልት የሚሠራ፣ የጡብ፣ ሽቦው ከላይ የሆነ፣ ከፊት ትንሽ በር ያለው፣ ባለ መቆጣጠሪያ ትንሽ እቶን ማስመጣት ነው። ውስጡ በቁመትም በወርድም ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃናል። ዋጋው ከሁለተኛው ይበልጣል፤ ይህን አልደብቅም። ሦስቱንም ሥራ የሚችለው ግን እሱ ብቻ ነው። የሥራ አስፈጻሚው ሐሳብም ይኼ ነው።

ስንገዛ የምንጠይቃቸው

ሻጩ ብዙ ያወራል፤ እኛ ግን እነዚህን ጠይቀን መልሱን በጽሑፍ እንቀበላለን።

1. ቮልቱ፣ ዋቱና አምፔሩ ስንት ነው? በላዩ ላይ ተጽፏል ወይ?

2. መቆጣጠሪያው በየደረጃው ይታዘዛል ወይ? ማለት በሰዓት ስንት ዲግሪ እንዲወጣ፣ የት እንዲቆም፣ ስንት ጊዜ እንዲቆይ፣ በስንት እንዲወርድ ይነገረዋል ወይ? የሚያሞቅ እንጂ አወራረዱን የማይቆጣጠር ከሆነ አንፈልገውም።

3. መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መቆጣጠሪያው ካቆመበት ይቀጥላል ወይስ ይረሳል?

4. በሩ ሲከፈት ኤሌክትሪኩ በራሱ ይቋረጣል ወይ? ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ልጆቻችን ዶቃውን የሚያስገቡት በብረት ዘንግ ነው፤ ዘንጉ ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ ከነካ ሰው ይይዛል። ይህ ማቋረጫ የሌለውን እቶን በነፃ ቢሰጡንም አንቀበል።

5. የማሞቂያ ሽቦውና የሙቀት መለኪያው፣ ቴርሞካፕል የሚሉት፣ ሲበላሹ መለወጫቸው ይገኛል ወይ? ሁለቱም በአገልግሎት ብዛት የሚያልቁ ናቸው። አንድ አንድ ትርፍ አብረው ይገዙ።

6. ባለሙያ መጥቶ አንድ ሙሉ ዙር እፊታችን አሙቆ፣ አብርዶ ያሳየናል ወይ?

የጥንቃቄ ደንብ

የቬኒስ ከተማ በ1291 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የመስተዋት እቶኖቿን ከመሐል ከተማ አውጥታ ወደ ሙራኖ ደሴት አዛውራለች። አንዱ ምክንያት የእሳት አደጋ ፍርሃት ነው፤ ቤቱ የተጠጋጋ ነበርና። የኛም ቤት የተጠጋጋ ነው። እቶናችን ትንሽ ቢሆንም ልብ አይጣልበትም።

እቶኑ በማይቃጠል ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ከግድግዳ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። ወረቀት፣ ጨርቅ፣ ቡታጋዝ አጠገቡ አይቀመጥም። ሕፃናት ወደ ክፍሉ አይገቡም። በነበልባል የሚሠሩ ወጣቶች የሥራውን መነጽር ያደርጋሉ። ጠርሙስ የሚወቅጡ ሁሉ አፍና አፍንጫቸውን በአቧራ መከላከያ ይሸፍኑ፤ ዱቄቱም በውሃ ረጠብ ይደረግ። የመስተዋት አቧራ ሳንባ ይጎዳል፤ በነጠላ ጫፍ መሸፈን አይበቃም።

የእቶኑ መደርደሪያ ከመሥራታችን በፊት ነጭ የካዎሊን ቅብ ይቀባል። እናቶች ምጣዱን በጎመን ዘር እንደሚያስሱት ማለት ነው፤ አለዚያ መስተዋቱ ተጣብቆ ይቀራል።

በመጨረሻም፣ በሩ የሚከፈተው መቆጣጠሪያው በሚያሳየው ቁጥር ነው። የመጨረሻው መብረድ ካላለቀ፣ ባዛርም ይድረስ፣ እንግዳም ይምጣ፣ ጸሐፊውም ይዘዝ፣ አይከፈትም። ይህን ደንብ ጽፈን በሩ ላይ እንለጥፋለን። ብርሃን የሚያሳልፈውን ዶቃ ከመሸጣችን በፊት በሁለት ፖላራይዝድ መነጽሮች መካከል አድርገን እናየዋለን። ሁለቱ መነጽሮች ጨለማ እስኪሆኑ አንዱን አዙሮ፣ ዶቃውን በመሐል ሲይዙት ውስጡ ጉተታ ካለ ያበራል። ያበራው ተመልሶ እቶን ይገባል፤ ለገበያ አይወጣም።

ማጠቃለያ

ወገኖቼ፣ ዶቃ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በአክሱም በተደረጉ ቁፋሮዎች የመስተዋት ዶቃ ተገኝቷል፤ እናቶቻችንም ከሩቅ አገር የመጣ ዶቃ በአንገታቸው አስረው ኖረዋል። አሁን በሠፈራችን የሚጣለውን ስባሪ ወደ ጌጥ የሚለውጡ እጆች አሉን። የጎደለን ትዕግሥትና ትክክለኛ መሣሪያ ነው።

ስለ ግዢው የማቀርበው ሐሳብ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሦስተኛው ምርጫ እንዲጸድቅና የጎደለው ገንዘብ ባለፈው ስብሰባ እንደተባለው ከሚቀጥሉት ወራት መዋጮ እንዲሞላ። ሁለተኛ፣ ግዢውን እኔ ብቻ እንዳልፈርም። አንድ ከዶቃ ሠሪዎች፣ አንድ መብራት የሚያውቅ፣ አንድ ከእናቶች ተመርጠው ሦስት ሰዎች እቶኑን አይተው ይፈርሙ። ከእናቶች ወገን፣ እምቢ ካላሉ፣ ቤቴ ድረስ መጥተው የመከሩኝ እናት እንዲሆኑ እጠቁማለሁ። ያን ጊዜ እሳቸው ከጎኔ ቢኖሩ ኖሮ በሩ አይከፈትም ነበር።

ድምፅ የሚሰጠው በመጪው እሑድ ነው። ተቃውሞም ሆነ የተሻለ ሐሳብ ያላችሁ እስከዚያ ለሥራ አስፈጻሚው በቃልም በጽሑፍም አቅርቡ።